ስልክ የማይነኩት ጋሼ

የካቲት 6

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬስ ደህና ናቸው? የስፌት መኪናቸው አሁንም ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። “ካልጻፍሽልኝ አላውቅሽም” ስላሉ ይኸው እስክሪብቶ ገዝቼ ተቀምጫለሁ። እዚህ አገር እስክሪብቶ ይዤ ያየኝ ሰው ሁሉ ፎርም የምሞላ ስለሚመስለው ሊያግዘኝ ይመጣል።

አንድ ነገር ላማክርዎት ነው። ቀን ቀን ሆቴሉ ምድር ቤት አንሶላና ፎጣ ሳጥብ እንደምውል፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ቋንቋ እንደምማር ያውቃሉ። አሁን አስተማሪያችን እያንዳንዳችን ክፍሉ ፊት ቆመን አምስት ደቂቃ እንድንናገር አዛናለች። ርዕሱ “በየቀኑ በቴክኖሎጂ ላይ ያለን ጥገኝነት” ነው። ወረቀት መያዝ የለም፣ ስልክ ማየት የለም። ያለፈ ሰው ስሙ ለሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሥልጠና ይላካል። ገባዎት ጋሼ? ከምድር ቤት ወጥቼ፣ መስኮት ያለበት ቦታ ቆሜ “እንኳን ደህና መጡ” እያልኩ ልውል ነው። ካለፍኩ ነዋ።

ችግሬን ደግሞ ያውቁታል። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ባለፈው ስለ ሥራሽ ተናገሪ ተብዬ ተነሳሁ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ ተቀመጥኩ። ስሜንም ቢሆን የሰሙኝ ቀድሞ ስለሚያውቁት ነው።

ስለ ርዕሱ ከሆነ ከኔ የባሰ ጥገኛ የለም። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ስልኬ ነው። የቱ አውቶቡስ ላይ ልውጣ ብዬ የምጠይቀው እሱን ነው። አለቃዬ ተናግራኝ ስትሄድ “ምን አለችኝ?” የምለውም እሱን ነው። በቀደም ባትሪው አለቀና በየቀኑ በምመላለስበት ሰፈር ውስጥ ጠፋሁ። አንድ ሕፃን ልጅ እጄን ይዞ አውቶቡስ ማቆሚያ አደረሰኝ።

እና በቴክኖሎጂ የማይደገፍ ሰው ማን አለ ብዬ ሳስብ እርስዎ ድቅን አሉብኝ። ስልክ የማይነኩ፣ ማሽን የማያስነሱ፣ ፀጉር በመቀስ ብቻ የሚያስተካክሉ አጎት! ስለርስዎ ብናገር ይፈቅዱልኛል? እንዴት እንደሚኖሩ ዘርዘር አድርገው ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ጩጬ (ሽበት ብጀምርም ስሜ ያው ነው)


የካቲት 29

ለልጄ ለጩጬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ወገቤን ካላነሳሁት ደህና ነኝ፤ ካነሳሁት ግን ወረቀቱ አይበቃም።

ፈቅጃለሁ! ሰው አገር፣ ክፍል ውስጥ፣ በተማረ ሰው ፊት ስሜ ሊነሳ ነው ብዬ ለደንበኛው ሁሉ ነግሬያለሁ። ሁለቱ ቀንተው መሰለኝ ሌላ ፀጉር ቤት ሄደዋል። ይቅናቸው፣ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ጻፊ። እኔ ስልክ አልነካም። ሰው በስልክ ሲያወራሽ ወይ ድስት እያማሰለ ነው፣ ወይ መንገድ እያቋረጠ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው በዓይኑ እየጠቀሰ ነው። ደብዳቤ ሲጽፍልሽ ግን ቁጭ ብሎ ነው። ማሽንም አላስነሳም። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሲያስነሱት ይንጫጫል፣ ከደንበኛ ጋር እንዳልጫወት ያደርገኛል። መቀስ ግን ጨዋ ነው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ፀጉር ቤት ሁሉ ይዘጋል፤ እኔ ወንበሩን ወደ በሩ ጠጋ አድርጌ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ጥገኛ የምትይውን ሰው ማየት ከፈለግሽ የባንኩን ዘበኛ ልንገርሽ። ባለፈው መጥቶ ተቀመጠ። አንገቱ አንድ ቦታ አይረጋም! ዓይኑ ጉልበቱ ላይ ያለ ስልኩ ላይ ነው። “ቀና በል” እለዋለሁ፣ ያቀረቅራል። በመጨረሻ መስታወት ስሰጠው የግራው ጆሮ ግንድ ፀጉር ከቀኙ በአንድ ጣት ከፍ ብሏል። በኔ ተቆጣ! ጥፋቱ የስልኩ ነው አልኩት። ይህንን በደንብ አድርገሽ ንገሪልኝ።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ ነው። ፊደልሽን ምን ነካው? ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ወረቀት ለመቆጠብ ነው? ምንም አትላኪልኝ፣ ልብስም ጫማም አያስፈልገኝም። ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ግዢና ተለቅ አድርገሽ ጻፊ። ይኸው የኔን እዪው፣ አንዱ ፊደል የቡና ስኒ ያክላል። ጽሑፍ እንዲህ ነው።

እትዬሽ ሰላም ብላሻለች። ደብዳቤሽን ስነግራት እየሳቀች ነው የሰማችኝ፤ ምኑ እንዳሳቃት አልገባኝም።

አጎትሽ፣
በመቀስ ብቻ


መጋቢት 18

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ይኸው ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ። ሻጯ ለካርቶን መጻፊያ ነው ብላኝ ነበር፤ ለአጎቴ ነው አልኳት። ወረቀቴ ስስ ቢሆንም እንደምንም ይችለዋል።

ገለጻውን ጀመርኩት። ዘበኛው ገብቷል፣ መቀሱ ጨዋ መሆኑም ገብቷል። ርዕሱን “ስልክ የማይነኩት ጋሼ” አልኩት። ልምምዴን የማደርገው ልብስ ማድረቂያዎቹ ፊት ነው። ክብ መስኮታቸው ፊት ስለሚመስል በተርታ ቆመው የሚያዳምጡኝ ክፍል ሆነውልኛል። አንዱ ሁልጊዜ መሃል ላይ ጲጵ ይልብኛል። ጥያቄ ያለው ተማሪ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት? ባለፈው ሰኞ ሕንፃው በሙሉ መብራት ጠፋ። ማጠቢያው ቀጥ፣ ማድረቂያው ቀጥ፣ ካውያው ቀጥ። ዝምታው አስደነገጠን። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ገና ያን ቀን የአንዳችንን ድምፅ ሌላችን ሰማን። በካውያ የምትተኩሰዋ ለካ ዘፋኝ ናት! ዘፈነችልን። መብራቱ ሲመለስ ሁላችንም “ውይ!” አልን። አለቃችን ደስታ መሰላት።

እትዬን ሳሙልኝ። ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጩጬ

(በወረቀቱ ጀርባ)

ጋሼ፣ ዋናውን ነገር ፊት ለፊት ልጽፈው አፈርኩና ወደዚህ አመጣሁት።

ትንሽ ሆኜ ፈተና ባለብኝ ቀን አባባ በር ድረስ ይሸኘኝና ትከሻዬን መታ አድርጎ “ግቢ፤ አይበሉሽም” ይለኝ ነበር። ሌላ ምርቃት አያውቅም። እኔም እገባለሁ፤ አልተበላሁም። እሱ ካረፈ ወዲህ ግን በር ላይ ስደርስ እግሬ ይያዛል። ያን ቃል የሚለኝ ጠፋ። ድምፅዎ ደግሞ ቁርጥ የእሱ ነው።

ገለጻው ግንቦት 8 ነው። ስልክ እንደማይነኩ አውቃለሁ። ግን ለዚያ ቀን ብቻ፣ ከመግባቴ በፊት በእትዬ ስልክ ልደውልና ይህችን ቃል ይበሉኝ? ፈቃድዎ ከሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤ “እሺ” ይበሉኝ። እምቢ ካሉም አልቀየምም።

እንዲህ የሚል ሰው እንደሚቀየም ያውቃሉ።


ሚያዝያ 12

ለልጄ ለጩጬ፣

ምን ጊዜም ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፊደልሽ አሁን ሰው ሆነ! አንድ ቃል ሳይቀረኝ አንብቤዋለሁ። እስክሪብቶሽ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ቀለሙ አልፎ የወረቀቱን ጀርባ እንዳለ አጥቁሮታል። ወፈር ያለ ወረቀት ፈልጊ።

በካውያ የምትተኩሰዋ ምን ዘፈነች? ይህን ሳትጽፊ መቅረትሽ አናዶኛል። ማድረቂያዎቹን በተመለከተ ደግሞ በርቺ። ጲጵ የሚለውን አትፍሪው፤ እኔም ጋ ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚያቋርጥ አንድ ጡረተኛ ደንበኛ አለ። ወሬዬን አላቆምም፤ እሱ ይደክመዋል።

“ስልክ የማይነኩት ጋሼ” ጥሩ ርዕስ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ እየሄድኩ ነው። ሰፈር ውስጥ ሲያገኙኝ “ምሳሌው!” ይሉኛል። እኔም ምሳሌ ከሆንኩ አይቀር ብዬ ፀጉር ቤቱን ከማሽን ላጥራው ብያለሁ። የግድግዳውን ሰዓት አወረድኩት። ማራገቢያውንም ነቀልኩት። ሙቀቱ በረታና ሁለት ደንበኛ ሳሙናው ፊታቸው ላይ ሳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አንደኛው አንኮራፍቶ አፉ ውስጥ ገባበት። ስለ ዓላማ ብሎ ችሎታል።

ሌላ ምን አለ? ምንም የለም። ፈጣሪ ይከተልሽ። ስታልፊ ጻፊልኝ።

አጎትሽ፣
ምሳሌው

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

ጩጬዬ፣ እኔ ነኝ፣ የአጎትሽ ሚስት። ፖስታ ቤት አድርሺልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነው። ጀርባው ላይ የጻፍኩት እሱ ጀርባ የሚባል ነገር ስለማያይ ነው።

ልጄ፣ ሰው ፊት ቆመሽ እንዳታፍሪ እውነቱን እወቂው። ይህ ሰው የቅርብ ፊደል ማየት ካቆመ ቆየ። “መነጽር አድርግ” ስለው “ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው” ብሎ ያኮርፋል። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ስልኬን ይዞ ጓዳ ይገባል። ፎቶ ያነሳዋል። ከዚያ በሁለት ጣቱ እየለጠጠ፣ እየለጠጠ ያነባል። እኔ እንድነካው አይፈቅድልኝም፤ እየመጣ በቃሉ ነው የሚነግረኝ። “ስልክ የማይነካው” ሰው ስልኬን ባትሪውን ጨርሶ ነው የሚመልስልኝ!

የባንኩ ዘበኛ ያን ቀን ስልኩን እኔ ጋ ቻርጅ ላይ አድርጎት ነበር። አንገቱን እንደ ሐውልት አቁሞ ነው የተቀመጠው።

ስልኬ ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። ሳቂ ብዬ ነው እንጂ እንዳትጣዪው።


ግንቦት 10

ለምወድዎት ጋሼ፣

ሰላምታውን አብዝቼ ልጀምር፤ ከታች የምጽፈው ያስቆጣዎታል። ይህ ደብዳቤ በሁለት ወረቀት ነው፣ ጀርባው ባዶ ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብኩት፤ “እሺ” የሚለውን ቃል ፍለጋ። ስለ ዘፈኑ ጠይቀዋል፣ ስለ ማድረቂያው መክረዋል፣ ሳሙና አፉ ውስጥ ስለገባው ሰውዬ ነግረውኛል። ስለለመንኩዎት ነገር ግን አንድ ቃል የለም። “ሌላ ምን አለ? ምንም የለም” ይላሉ። ልቤ ተሰበረ ጋሼ፤ አልዋሽዎትም። የፎጣ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማልቀስ ከፎጣ ክምር የተሻለ ቦታ የለም።

ከዚያ ወረቀቱን ሳጥፈው የእትዬን ጽሑፍ አየሁ። አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ የርስዎን አነበብኩ። “ቀለሙ አልፎ የወረቀቱን ጀርባ አጥቁሮታል።” ቀለም አይደለም ጋሼ! ጽሑፍ ነው! ያንን ሁሉ ልመናዬን በእስክሪብቶ አሳበው ተዉት! ማድረቂያዎቹ ፊት ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ አለቃዬ መጥታ “ታመምሽ?” አለችኝ። “አጎቴ ጀርባ አያይም” አልኳት። ውሃ አመጣችልኝ።

የደወልኩ ቀን የሆነውን የርስዎን በኩል እርስዎ ያውቃሉ፤ የኔን በኩል ልንገርዎት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ውስጥ አብሮኝ የሚማረው ዳቦ ጋጋሪ ተናግሮ እየጨረሰ ነው፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ። በምስል ደወልኩ። መጀመሪያ የሱቁ ጣሪያ ታየኝ። ከዚያ የእትዬ ጉንጭ። ከዚያ የርስዎ ግንባር፣ ግንባር ብቻ። “የመጋቢቱን ደብዳቤ ያምጡና ይገልብጡት!” ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡልዎት፣ ከኋላ ፊቱ ሳሙና የሆነ ደንበኛ ጆሮውን አቁሞ ሲሰማ አየሁ። “ድምፅዎ ቁርጥ የእሱ ነው” የሚለው ጋ ሲደርሱ መቀሱን አስቀመጡ። ይህን አየሁ ጋሼ።

ከዚያ ስልኩን ተቀበሉ፣ ትክ ብለው አዩኝ፣ በሁለት ጣትዎ ፊቴን ለመለጠጥ ሞከሩ። ያኔ ድምፁ ጠፋ። አፍዎ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ጋ ምንም አይሰማም። የአንገትዎ ሥር ተገትሯል፣ እየጮኹ ነው። አስተማሪዋ በሩን ከፍታ ስሜን ጠራች። ግን ከንፈርዎን አነበብኩት። ያን ቃል በከንፈርም አውቀዋለሁ።

ገባሁ።

የተለማመድኩትን ተውኩት። እንዲህ አልኳቸው፤ “በቴክኖሎጂ የማይደገፍ ሰው ላሳያችሁ ነበር የመጣሁት። እንዲህ ያለ ሰው ግን የለኝም። ያለኝ ጓዳ ተደብቆ ደብዳቤዬን በስልክ የሚያነብ አጎት ነው።” ቃሉ ሲጠፋኝ ሁለት ጣቴን አንስቼ አየር ላይ ለጠጥኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ዘበኛው፣ ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ጀርባው ነገርኳቸው። በመጨረሻም “ስልክ ባይኖር አጎቴ ደብዳቤዬን አያነብም ነበር። ስልክ ስላለ ደግሞ ግማሹን ብቻ አነበበ። ሌላውን ግማሽ ያነበበለት ግን ሰው ነው” አልኳቸው። ሕፃናት የምትጠብቀዋ ተማሪ አለቀሰች። ታክሲ ነጂው “እኚህ ሰውዬ አሁንም ምላጭ ይይዛሉ?” ብሎ ጠየቀ።

ይህን ያምናሉ ጋሼ? አስተማሪዋ ሰዓቱ አልቋል ብላ በግድ አስቀመጠችኝ። እኔን! ስሜን ተናግሬ የምቀመጠውን!

አልፌያለሁ። ስሜ ተልኳል። ሥልጠናው ሰኔ መጨረሻ ይጀመራል።

ካልተቆጡ ይጻፉልኝ፣ ከተቆጡም ይጻፉልኝ።

ጩጬ


ሰኔ 4

ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጄ፣

እንኳን ደስ አለሽ! እንኳን ደስ አለን! እትዬሽ እልል ስትል የስፌት መኪናዋን መርፌ ሰበረች።

ተቆጥቻለሁ። ዓይኔ እንደደከመ ዳቦ ጋጋሪውም ታክሲ ነጂውም አወቁ። ምላጭ ይይዛሉ ወይ ላለው ሰው አዎ ይይዛሉ፣ ይምጣና ይሞክረኝ በይልኝ። አሁን መነጽር አድርጌያለሁ። ሳደርገው መጀመሪያ ያየሁት የሱቄን ወለል ነው፤ ያን ሁሉ ፀጉር ሳልጠርግ ነው ለካ የኖርኩት። ቀጥሎ የዘበኛውን ጆሮ ግንድ አየሁት። ጠርቼ አስተካክዬለታለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። ማሽኑም ከመሳቢያ ወጥቷል፤ አንገት ሥር ላይ ክፉ አይደለም። መቀሱ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ማራገቢያውንም ደንበኞቼ ራሳቸው ሰክተውታል።

ያን ቀን ፊትሽ አነሰብኝና ልለጥጠው ስል የሆነ ነገር ነካሁ። እትዬሽ በኋላ ስታየው ድምፁን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ከአፌ የወጣውን አንቺ ባትሰሚውም ሰፈሩ ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ “ጋሼ፣ አይበሉኝም?” ይለኛል።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ በመነጽር እንደገና አነበብኳቸው፣ ፊትም ጀርባም። አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ፀጉር ቤት የከፈትኩ ቀን ደንበኛ ውስጥ ተቀምጦ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀርቼ ነበር። ከኋላ ትከሻዬን መታ ያደረገኝ አባትሽ ነው። “ግባ፤ አይበሉህም” አለኝ። ያንቺ ብቻ መስሎሽ ነበር? የኔም ነበር። ወንድሜ ናፈቀኝ። በስልኩ ውስጥ ያን ቃል ስጮህ የሱ ድምፅ ከኔ ጉሮሮ ሲወጣ ሰማሁት፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘፈኑን እስካሁን አልጻፍሽልኝም።

አጎትሽ፣
ባለ መነጽሩ

ገልብጪው።

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በትልልቅ ፊደል)

ሥልጠናው የሚጀመር ቀን በሩ ላይ ቆመሽ አንብቢው። ድምፁ እንዳይጠፋብሽ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ግቢ፤ አይበሉሽም።